ውሻችሁ ከወፈረ መጀመሪያ ግቢውን ሰብስቡ

የእኛ ቡቺ ባለፈው ዓመት ፋሲካ ማግስት 31 ኪሎ ገባ። ዝርያው ድብልቅ ነው፣ ግማሹ የሀበሻ ግማሹ ጀርመን ሼፐርድ ይመስላል። ለእሱ ቁመት 25 ኪሎ ይበቃዋል። ድሮ ባጃጅ በር ላይ ሲቆም ከግቢው ጥግ እየበረረ ይመጣ የነበረ ውሻ፣ ያኔ ተኝቶ ነበር የሚጮኸው። እኛ ደግሞ "ደልቶታል" ብለን ሳቅን። ሰው ሲወፍር "ተመችቶሃል" የምንል ሰዎች ነንና ለውሻውም ያው ነው ያልነው። ነገሩ የገባኝ በረንዳው ላይ ሦስት ደረጃ ወጥቶ ቁጭ ሲል ነው። ገና 5 ዓመቱ ነው እኮ!

እንግዲህ ያደረግነውን ልንገራችሁ፣ የተሳሳትነውንም ጨምሬ። እኛ ያለነው ሐዋሳ ነው። ሌላ ከተማ ያላችሁ ሙቀቱንና ዓሣውን ቀንሳችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ፣ በዓይን አትፍረዱ። ፀጉራም ውሻ ያታልላል። በእጃችሁ ዳብሱት። እንዲህ አድርጉ፦ ቡጢ ጨብጡና የጣቶቻችሁን አንጓ በሌላው እጃችሁ ዳብሱ። የውሻው የጎን አጥንት እንደዚያ ጎርበጥ ካላችሁ ከስቷል። አሁን እጃችሁን ዘርጉና የእጃችሁን ጀርባ ዳብሱ፣ አጥንቱ ከስስ ቆዳ ሥር ይሰማችኋል አይደል? ጤነኛ ውሻ እንደዚያ ነው። እጃችሁን ገልብጣችሁ ከአውራ ጣት ሥር ያለውን ለስላሳ ሥጋ ጫን ስትሉት የሚሰማችሁን ከሆነ ግን ውሻው ላይ ያገኛችሁት፣ በቃ ወፍሯል። ቀጥሎ ቆማችሁ ከላይ እዩት፣ ወገብ ሊኖረው ይገባል። ከጎን ስታዩት ደግሞ ሆዱ ወደ ኋላ እግሩ ሲሄድ ወደ ላይ ገባ ማለት አለበት። ቡቺ ከላይ ሲታይ ቅል ነበር።

ሐኪሞቹ ከ1 እስከ 9 ነጥብ የሚሰጡበት መለኪያ አላቸው። 4 እና 5 ጥሩ ነው፣ ከዚያ በላይ እያንዳንዷ ነጥብ ከ10 እስከ 15 በመቶ ትርፍ ክብደት ማለት ናት። የእኛው 7 ነበር።

ከዚያ መመዘን ነው። ትንሽ ውሻ ካላችሁ ቀላል ነው፣ አቅፋችሁት ሚዛን ላይ ትወጣላችሁ፣ ብቻችሁን ደግማችሁ ትወጣላችሁ፣ ትቀንሳላችሁ። ሚዛን ቤት ከሌላችሁ መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡት ልጆች አሉላችሁ። ትልቁን ግን እኔ አቅፌ ሞክሬ ወገቤን ለሦስት ቀን አመመኝ። በመጨረሻ ሰፈራችን ያለው ወፍጮ ቤት የእህሉ ሚዛን ላይ አወጣነው። ጤፍ ልታስፈጭ የመጣች ሴትዮ "ይሄ ደግሞ ሊፈጭ ነው?" ብላ ሰውን አሳቀችብን። ግድ የለም፣ ቁጥሩ ተገኘ። ሁልጊዜ በአንድ ሚዛን፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ሳይበላ መዝኑት፣ በየሁለት ሳምንቱ።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን።

ውሻው ይህን ሁሉ ከየት በላው? ብትጠይቁኝ "እኔ ማታ አንዴ ብቻ ነው የምሰጠው" እላችሁ ነበር፣ እውነቴን ነው። ሁሉም ሰው እንደዚያው ነው የሚለው። ስለዚህ ወጥ ቤት በር ላይ ወረቀት ለጠፍኩ። ለሦስት ቀን ማንም ምንም አይቀይርም፣ ብቻ ለቡቺ የሰጠውን ይጽፋል፣ የማይጽፍ ለእኔ ይነግረኛል። ማንንም አልቆጣም ብዬ ምያለሁ። ምን ወጣ መሰላችሁ? እናቴ ጠዋት ከቁርስ የተረፈውን ፍርፍር ትሰጠዋለች። ዘበኛችን ጋሼ ሌሊት ዳቦውን ለሁለት ይካፈሉታል፣ ሻይ ነክረው። የተከራዮቹ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ብስኩት። ከአጥሩ ወዲያ ያሉት እትዬ ደግሞ እሁድ እሁድ አጥንት ይወረውሩለታል፣ ይህንን እስከዚያ ቀን ጭራሽ አላውቅም ነበር። እና ማታ እኔ ሙሉ ድስት። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፣ ቡቺ አምስት ቦታ ስለሚበላ ለአምስት ቤት ነው የሚጮኸው።

ወደ ቁጥሩ እንምጣ፣ ብዙ አይደለም። ለሚቀንስ ውሻ የቀን ካሎሪ በግምት ለማግኘት ሊደርስበት የሚገባውን ኪሎ በ30 አባዙና 70 ደምሩ። አሁን ያለበትን ኪሎ አይደለም፣ ሊደርስበት የሚገባውን። ለቡቺ 25 ሲባዛ በ30፣ 750፣ ሲደመር 70፣ 820። ይህ ከ2 ኪሎ በላይና ከ45 ኪሎ በታች ለሆኑ ውሾች ይሠራል። አሁን ዳቦውን እዩት፣ 100 ግራም ዳቦ 260 ካሎሪ ገደማ አለው። ሦስት ሰው አንድ አንድ ዳቦ ከሰጠው የቀኑ ምግብ አልቋል ማለት ነው፣ ገና እራቱን ሳይበላ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ብቻውን ከ100 ካሎሪ በላይ ነው፣ ስለዚህ ለፍቼ ጨምበላላ ጎረቤት የሰጣችሁን በቅቤ የራሰ ቡርሳሜ እናንተው ጨርሱት።

ከረጢት ምግብ የምትገዙ ከሆነ ጀርባው ላይ ያለውን ሰንጠረዥ በሚፈለገው ኪሎ አንብቡ፣ እሱም ቢሆን ብዙ ጊዜ ለጋስ ነው። የተኮላሸ ውሻ ደግሞ ካልተኮላሸው ሩብ ያህል ያነሰ ነው የሚያስፈልገው፣ ይህን ብዙ ሰው አይነገረውም። ቤት ለምታበስሉ የእኔ ዘዴ ይኸው፦ ወረቀቱ ላይ የወጣውን ሁሉ ደምሩ፣ ዳቦና ብስኩቱን አውጡ፣ ከቀረው ላይ አንድ አምስተኛ ቀንሱ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ መዝኑ። በሳምንት ከክብደቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ ቢቀንስ ጥሩ ነው። ለቡቺ ከ300 እስከ 600 ግራም መሆኑ ነው። ከዚያ በላይ ከፈጠነ ምግቡን ጨምሩ፣ ማስራብ አይደለም ሥራችን።

"ማስራብ" ስል እናቴ ትዝ አለችኝ። "አፍ የለው፣ ይራበኛል አይል፣ ግፍ ነው" ብላ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። በካሎሪ የምትረታ ሴት አይደለችም። የረታት አንድ ጥናት ነው። አሜሪካ ውስጥ 48 የላብራዶር ቡችሎችን ለሁለት ከፍለው ዕድሜያቸውን በሙሉ ተከታተሏቸው፣ አንደኛው ወገን ከሌላው 25 በመቶ ያነሰ ይበላ ነበር። ውጤቱ በ2002 እ.ኤ.አ. ወጣ፣ ትንሽ የበሉት ወደ 13 ዓመት ገደማ ኖሩ፣ ብዙ የበሉት ከ11 ዓመት ብዙም አላለፉም። የመገጣጠሚያ ሕመሙም ትንሽ የበሉት ላይ ዘግይቶ ነው የመጣው። ሁለት ዓመት ሊሞላ ትንሽ የቀረው ዕድሜ ነው እንግዲህ። እናቴ ዝም ብላ ሰማችኝና "እና ለምን ቀድመህ አትነግረኝም?" አለች።

ከዚያ ግቢውን ሰበሰብኩ። ቡና ተፈልቶ። መጀመሪያ የሠራሁት ስህተት "ማንም እንዳይሰጠው" ማለቴ ነበር፣ ሦስት ቀን አልቆየም፣ ተደብቀው ይሰጡት ጀመር። ሰው ውሻ የሚያበላው ስለሚወደው ነው፣ ውደዱት ግን አትስጡት ብሎ ነገር አይገባም። ጋሼ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ከእሱ ጋር ብቻቸውን ናቸው። ስለዚህ ሕጉን ቀየርኩ። የቀኑን ምግብ ጠዋት በአንድ የዱቄት ወተት ጣሳ እለካለሁ፣ የሚለካው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እኔ። ከዚያው ላይ አንድ እፍኝ ለጋሼ፣ ትንሽ ለልጆቹ ለይቼ በኩባያ አስቀምጣለሁ። መስጠት የሚፈልግ ከዚያ ይሰጣል። ኩባያው ባዶ ከሆነ የዛሬው አልቋል። ጉርሻ ነገር ከቀኑ ካሎሪ ከ10 በመቶ መብለጥ የለበትም፣ ለቡቺ 80 ካሎሪ አካባቢ ነው። በ80 ካሎሪ ከሩብ ኪሎ ያላነሰ ቅቅል ዱባ ይሰጣል፣ ቅቅል ፎሶሊያም ከ200 ግራም በላይ። ብስኩት ቢሆን ሁለት ሦስት ፍሬ ነው። ልጆቹ አሁን ካሮት ነው የሚወረውሩለት፣ አየር ላይ ይቀልበዋል።

ምን ይብላ? ከሥጋ ቤት ሳንባ የምትገዙ ጥሩ አድርጋችኋል፣ ስቡ ትንሽ ነው። ግን ጥሬውን በፍጹም አትስጡ። የከብትና የበግ ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት የሚመስል ነገር አይታችሁ ከሆነ፣ ያ የትል እጭ ነው። ውሻው ጥሬውን ሲበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፣ ከዚያ ወደ ሰው ይመጣል። በደንብ ይቀቀል። እንደዚያ ዓይነት ከረጢት ያለበትን ደግሞ ጭራሽ አትግዙ። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያው ቅርብ የሆናችሁ ዓሣ አለላችሁ። ቆሮሶ ስቡ ትንሽ ነው፣ ቀቅላችሁ እሾሁን አንድ በአንድ አውጡና ከትንሽ ሩዝና ከዱባ ጋር ቀላቅሉት። በዘይት የተጠበሰውን አይደለም። የዓሣ ራስና አከርካሪ ለአባ ኮዳዎቹ ተዉላቸው፣ እነሱ ይችሉበታል። ሁልጊዜ በቤት ምግብ ብቻ የምታሳድጉ ከሆነ ካልሲየሙና ሌላው ነገር እንዳይጎድል የእንስሳት ሐኪም አማክሩ፣ ሥጋና ሩዝ ብቻ አይበቃም።

ወጥ ግን አይሆንም። የወፈረውም የከሳውም ወጥ መብላት የለበትም፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ፣ የእኛ ወጥ ደግሞ ሽንኩርት ነው። ሽሮውም፣ ፍርፍሩም። ዶሮ ወጥማ ሁለት ጊዜ ነው ጥፋቱ፣ የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥሮ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ዘቢብና ቸኮላትም ለውሻ መርዝ ናቸው። ሌላው የእኛ ቤት በሽታ ጾም ነበር። ሁዳዴን 55 ቀን ቡቺም ከእኛ ጋር ሽሮ ይበላል፣ የፋሲካ ለት ደግሞ የበጉ ስብ በሙሉ እሱ ላይ ይራገፋል። በአንድ ቀን እንደዚያ ዓይነት ስብ ቆሽቱን ሊያስቆጣው ይችላል። ማስታወክ፣ ሆድ ቁርጠት፣ ጀርባን ማጉበጥ ካያችሁ ነገ እያላችሁ አትጠብቁ። ውሻ አይጾምም፣ አይፈስክምም፣ በየቀኑ ያው ጣሳ ነው።

ስለ እግር ጉዞ አጭር ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ ከዚህ ነው የሚጀምረው። በሩጫ ብቻ አይከሳም። ግማሽ ሰዓት ያራመዳችሁትን አንድ ዳቦ ይመልሰዋል። ቢሆንም ጡንቻው እንዳይሟሽሽ መራመድ አለበት፣ ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት የሚውል ዘበኛ ውሻ ደግሞ ይበልጥ። እኛ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ፍቅር ሐይቅ ዳር እንወርዳለን፣ ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ ሰፈር ውስጥ። ቀትር ላይ አይሆንም። የእጃችሁን ጀርባ አስፋልቱ ላይ አድርጉና እስከ ሰባት ቁጠሩ፣ ካቃጠላችሁ መዳፉንም ያቃጥለዋል። የወፈረ ውሻ ሙቀት አይችልም። በ15 ደቂቃ ጀምሩ፣ በየሳምንቱ አምስት አምስት ደቂቃ ጨምሩ። ታቦር ተራራን እስኪከሳ ድረስ እርሱት፣ መውረዱ ነው ጉልበቱን የሚጎዳው። ዓሣ ገበያው አካባቢ ባለቤት የሌላቸው ውሾች ስለሚበዙ በገመድ ያዙት፣ የእብድ ውሻ ክትባቱም ጊዜው እንዳላለፈ እዩ።

ሁሉንም አድርጋችሁ ወር ሙሉ ምንም ካልቀነሰ፣ ወይ የሆነ ሰው ተደብቆ እየሰጠው ነው (ብዙውን ጊዜ ይሄ ነው)፣ ወይ የእንቅርት ሆርሞኑ አንሶ ወይም ሌላ ሕመም ኖሮት ይሆናል። ፀጉሩ ከሳሳ፣ ሁልጊዜ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ ወይም ውሃ መጠጣት ካበዛ ደም ይመርመር። ሆዱ ብቻ የተነፋ ቡችላም ወፈረ አይባልም፣ ወስፋት ይሆናል። እየበላ የሚከሳውም እንደዚሁ። ለትልቅ ውሻ በየሦስት ወሩ የትል መድኃኒት ስጡ። ያረገዘች፣ የምታጠባ ወይም ገና እያደገ ያለ ውሻ ደግሞ አይቀነስበትም።

የእኛው ከፋሲካ እስከ እንቁጣጣሽ ፈጀ። መሀል ላይ ሐምሌን ሙሉ 28 ላይ ቆሞ ተስፋ አስቆርጦኝ ነበር። ኋላ ሲጣራ እትዬ "አጥንት እኮ ምግብ አይደለም" ብለው ቀጥለው ኖረዋል፣ ለእሳቸውም ኩባያ አዘጋጀሁላቸው። አሁን 25 ኪሎ ከ400 ነው። ከደረሰ በኋላ ምግቡን በአንዴ አልመለስኩም፣ በየሁለት ሳምንቱ አንድ እፍኝ እየጨመርኩ ሚዛኑ ሲቆም ቆምኩ። አሁን በወር አንዴ ወፍጮ ቤት እንሄዳለን። ባለወፍጮው ገና ከበር ሲያየን ማዳበሪያውን ከሚዛኑ ላይ ያነሳልናል።