ብሩ ለአንድ ነገር ብቻ ሲበቃ፣ ሳይገዛ የሄደውን ቁጠሩ

ትንሽ የንግድ ቤት ይዛችሁ ለማስፋት ስታስቡ ፍሪጁም ወንበሩም ሠራተኛውም እኩል የሚያስፈልግ ይመስላል። ባሕር ዳር ጣና ዳር ዓሣ ለምትጠብሱም፣ ጁስ ቤት ላላችሁም ይህ ይሠራል፦ ለ14 ቀን ሒሳብ መቀበያው ጋ ደብተር አስቀምጡ። ሳይገዛ የሄደ ሰው ባለ ቁጥር ምክንያቱ ሥር አንድ ጭረት አስምሩ፤ «ቆሮሶ ዓሣ አልቋል»፣ «መቀመጫ የለም»፣ «ቆየብኝ»። ብሩን ጭረት የበዛበት ላይ አውሉት፣ ሌላው ይቆይ።

እኔ ወንበር ልገዛ ተነስቼ ነበር። ደብተሩ ላይ «ቆየብኝ» 31፣ «መቀመጫ የለም» 6 ሆኖ አገኘሁት። ወንበር ብጨምር የሚበዛው ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው ሰው ነበር፤ ሥራውን ያዘገየው አንድ መጥበሻ ብቻ መኖሩ ነበርና። ሁለተኛ ምድጃና መጥበሻ ገዛሁ። ምግቡ ቶሎ ሲወጣ ጠረጴዛውም ቶሎ ስለሚለቀቅ የመቀመጫው ችግር አብሮ ቀለለ።

በጥምቀት ሰሞንና በዓቢይ ጾም ግን አትቁጠሩ፣ ገበያው የወትሮው አይደለም። ከመነሻው ሰው የማይገባበት ቤት ከሆነም ደብተሩ ምንም አይነግራችሁም፤ ያኔ መጀመሪያ ቦታውንና ዋጋውን እዩ።