ፎቶ ለመነሳት ሲዘጋጁ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፎቶ ቤት የሚመጣ ሰው ፎቶው የሚበላሸው ካሜራ ፊት ሲቀመጥ ይመስለዋል። እኔ የማየው ግን ገና ከቤት ሳይወጣ ሲበላሽ ነው። ከዚያ በኋላ ለፎቶ አንሺው የሚተርፈው የማዳን ሥራ ነው።

ፎቶው ለምን እንደተፈለገ አለመናገር

«አንድ ጥሩ ጉርድ ፎቶ አንሳኝ» ብሎ መቀመጥ አይበቃም። ለዲቪ ከሆነ ፎቶው አራቱም ጎኑ እኩል፣ ቢያንስ 600 በ600 ፒክስል፣ ከ240 ኪሎባይት ያልበለጠ፣ ጀርባው ነጭ ወይም ወደ ነጭ የሚያደላ፣ ባለፉት 6 ወራት ውስጥ የተነሳ መሆን አለበት። መነጽር አይፈቀድም፤ ፊትን በኤዲት መነካካትም እንዲሁ። ያንኑ ፎቶ ሲቪ ላይ ቢለጥፉት ግን ፖሊስ ጣቢያ የተነሱት ይመስላል። ሊንክድኢን ደግሞ ፎቶውን በክብ ስለሚቆርጠው ከራስ በላይና በጎን ክፍት ቦታ መተው አለብኝ። ይህን ቀድሜ ካላወቅኩ ጸጉርዎ ተቆርጦ ይቀራል።

ጸጉርን በዕለቱ መሠራት

ጠበቅ ተደርጎ የተሠራ ሹሩባ በመጀመሪያው ቀን ግንባርን ይወጥራል፣ ቅንድብን ወደ ላይ ይስባል። ሴትየዋ ሳትደነግጥ የደነገጠች ትመስላለች። ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብሎ መሠራት ይሻላል። ጢማቸውን ተላጭተው ወዲያው የሚመጡ ወንዶችም አንገታቸው ላይ ሽፍታ ይዘው ነው የሚደርሱት።

ከቆዳ የነጣ ፓውደር

ትልቁ ጥፋት ይኸ ነው። መስታወት ፊት ያማረ ፓውደር ፍላሽ ሲያርፍበት አመድማ ይሆናል። በተለይ የፀሐይ መከላከያ ያለባቸው ቅባቶችና ፓውደሮች ብዙ ጊዜ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ወይም ዚንክ ኦክሳይድ ስላለባቸው ብርሃኑን መልሰው ወደ ካሜራው ይወረውሩታል። ፊት ነጣ፣ አንገት ጠይም፣ ጆሮ ሌላ ቀለም ሆኖ ይወጣል። ፋውንዴሽን ሲመርጡ እጅ ላይ ሳይሆን አገጭና አንገት የሚገናኙበት ቦታ ላይ ቀብተው፣ ከሱቁ በር ወጣ ብለው በቀን ብርሃን ይዩት። ግንባርና አፍንጫ ላይ ያለውን ወዝ በሶፍት ጠቅ ጠቅ ማድረግ ይበቃል። ጨርሶ አያድርቁት፤ የጠይም ፊት ቅርጽ የሚወጣው ጉንጭ ላይ በሚቀረው ስስ ወዝ ነው።

ከዚህ ጋር የምትመጣ አንዲት ልመና አለች፦ «ትንሽ ቀላ አድርገህ አውጣልኝ።» የዚህ ልመና ሥር ረጅም ነው። የፊልም አምራቹ ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ይልከው የነበረው የቀለም ማስተካከያ ካርድ፣ «ሸርሊ ካርድ» የሚባለው፣ ለአሥርት ዓመታት የነጭ ሴት ምስል የያዘ ነበር። ቀለሙ ለእሷ ፊት ስለሚስተካከል ጥቁር ሰው ፎቶ ላይ ጠቁሮ፣ ዓይኑና ጥርሱ ብቻ ቀርቶ ይወጣ ነበር። የዛሬ ካሜራ ይህ ሰበብ የለውም። ፊትዎ ከጨለመ ጥፋቱ የቀለምዎ ሳይሆን የመብራቴ ነው፤ ትልቅና ለስላሳ መብራት ከጎን አምጥቼ ማስተካከል ያለብኝ እኔ ነኝ። ደግሞስ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሲሄዱ በር ላይ የሚታየው የትኛው ፊት ነው?

ልብስ

ሀበሻ ቀሚስ ለብሶ ነጭ ጀርባ መምረጥ ብዙ ጊዜ ያጋጥመኛል። ካሜራው በራሱ እንዲለካ ከተተወ ነጩ ሲበዛበት ብርሃኑን ይቀንሳል፣ ፊት ይጨልማል። ለፊት ብዬ ብርሃኑን ከጨመርኩ ደግሞ ሽመናው ይጠፋና ነጠላው ወረቀት ይመስላል። ግራጫ ወይም ቡናማ ጀርባ ከተመረጠ ግን ጥበቡ በደንብ ይታያል። ስለዚህ ምን እንደሚለብሱ ቀጠሮ ሲይዙ ይንገሩኝ።

ለሱፍ ለባሾች፦ ደቃቅ ዳማ ወይም ደቃቅ መስመር ያለው ሸሚዝ ፎቶ ላይ ሞገድ የሚመስል ነገር ይፈጥራል፤ ባለ አንድ ቀለም ይሻላል። የተዋሱት ሱፍ ቢሰፋዎት አይጨነቁ፣ ከጀርባ በመቆንጠጫ እንይዘዋለን፤ ከፊት አይታይም። ትከሻው የጠበበ ሱፍ ግን መድኃኒት የለውም። ልብሱን ተኩሰው በማንጠልጠያ ይምጡ እንጂ ለብሰውት ታክሲ ውስጥ አይቀመጡ።

ውጭ የሚነሱ ከሆነ እኩለ ቀን ላይ መቅጠር

እንጦጦም ይሁን ወዳጅነት ፓርክ፣ በ6 ሰዓት ፀሐይ አናት ላይ ናት፤ ዓይን በቅንድብ ጥላ ይዋጣል። ከጠዋቱ 1 እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል በኋላ ይቅጠሩ። የዳመነ ሰማይ እንደሚፈራው አይደለም፣ እንዲያውም ፊትን ያለሰልሳል። ካሜራና መብራት ይዞ ለመግባት ፈቃድ የሚጠይቅ ቦታ ስላለ አስቀድሞ መጠየቅ ከበር ከመመለስ ያድናል።

አዛዥ ይዞ መምጣት

ጓደኛ ከኋላዬ ቆማ «ሳቂ እንጂ! ኧረ አገጭሽን!» ስትል የተነሺዋ ዓይን ከካሜራው ወደ ጓደኛዋ ይሸሻል፣ ፈገግታዋም የይሉኝታ ይሆናል። አጃቢ ውጭ ይጠብቅ። የምርቃት ቀን እናት ከመጡ ግን እሳቸውን አላስወጣም፤ መጀመሪያ እሳቸውን ከልጃቸው ጋር አነሳና ወንበር እሰጣቸዋለሁ።

መነጽር የሚያደርግ ሰው ለሲቪ ፎቶ ማውለቅ የለበትም። ጆሮ ላይ የሚያርፈውን ክንድ ትንሽ ከፍ ካደረገው መስታወቱ ወደ ታች ያዘነብልና የመብራቱ ነጸብራቅ ይጠፋል።

ሳይስማሙ መክፈል

ስንት ፎቶ ኤዲት እንደሚደረግ፣ መቼ እንደሚደርስ፣ ሶፍት ኮፒው በዋጋው ውስጥ መሆኑን ከመነሳትዎ በፊት ይጠይቁ። በቴሌግራም ሲላክልዎትም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይሁን ይበሉ፤ እንደ ፎቶ ከተላከ ቴሌግራም ስለሚያሳንሰው በትልቁ ሲታተም ይደበዝዛል።