የአሮጌ የመስክ መኪና ፊውዝ ቦክስ ሲቀልጥ እንዴት ይቀየራል

የፊት መብራቱ ድንገት ይደበዝዛል። ዳሽቦርዱ ስር የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ፊውዙን አውጥተው ሲያዩት ክሩ አልተበጠሰም፤ ፊውዝ ቦክሱን በጣት ገፋ ሲያደርጉት ደግሞ መብራቱ ይመለሳል። አሮጌ የመስክ መኪና የያዘ ሰው አንድ ቀን እዚህ መድረሱ አይቀርም። ያኔ ፊውዙን በሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ጠቅልሎ መወተፍ ወይም በ15 ፈንታ የ30 አምፔር መሰካት ያምራል። አያድርጉት፤ እንዲያ ከተደረገ ቀጥሎ የሚቃጠለው ሽቦው ነው።

ለምን ቀለጠ?

ፊውዝ ቦክስ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀልጠው ከልክ ያለፈ ኤሌክትሪክ ስላለፈበት አይደለም፤ ቢሆን ኖሮ ፊውዙ ቀድሞ ይበጠስ ነበር። የሚያቀልጠው የላላ ኮንታክት ነው። ፊውዙን ጨብጦ የሚይዘው የብረት ከንፈር በዓመታት መንቀጥቀጥ ይላላል፣ እርጥበት ደግሞ አረንጓዴ ዝገት ያለብሰዋል። እያንዳንዳቸው 60 ዋት የሆኑ ሁለት የፊት አምፖሎች በ12 ቮልት 10 አምፔር ይስባሉ። መንገዳቸው ላይ ያለው ኮንታክት 0.1 ኦም ብቻ ቢኖረው 1 ቮልት ያህል እዚያው ይቀራል፣ 10 ዋት ያህል ሙቀትም ይፈጠራል። ጥፍር በምታህል ብረት ላይ ይህ ብዙ ነው። ሙቀቱ ከንፈሩን ያላላዋል፣ የላላው ደግሞ ይበልጥ ይሞቃል።

ጥፋተኛውን መስመር በመልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ማግኘት ይቻላል። መሣሪያውን ዲሲ ቮልት ላይ ያድርጉና መብራቱን ያብሩ። አንዱን ጫፍ ወደ ፊውዙ በሚገባው ሽቦ፣ ሌላውን ከፊውዙ በሚወጣው ሽቦ ላይ ያሳርፉ። ጤነኛ መስመር ከ0.1 ቮልት ብዙም አያልፍም፤ ግማሽ ቮልት ካሳየ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ሁሉንም መስመሮች በየተራ ዕቃቸውን እያበሩ ይለኩ፤ ከቀለጠው አጠገብ ያለውም ከሙቀቱ ድርሻውን ሳያገኝ አይቀርም።

እግረ መንገድዎን የቀድሞ ባለቤቶች የቀጣጠሉትን ይመልከቱ። ተጨማሪ ፓውዛ፣ ቴፕ፣ የአየር መንፊያ፣ ሁሉም በአንድ ፊውዝ ጀርባ ተንጠልጥሎ ከሆነ አዲስ ቦክስ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። ብዙ የሚስቡት ከባትሪ የራሳቸው መስመር፣ የራሳቸው ፊውዝና ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) ይገባቸዋል።

ምን ዓይነት ቦክስ ይገዛል?

እንደ ድሮው ዓይነት ከተገኘ ሥራው ቀላል ነው፤ ሽቦው በቦታው ይገባል። እኔ ግን የመስታወት ፊውዝ የሚይዘውን ትቼ ባለ ስለት ፊውዝ፣ ማለትም ሁለት ጠፍጣፋ የብረት እግር ያለውን፣ የሚይዘውን እመርጣለሁ፤ ስለቱን ከሁለት በኩል ጨብጦ ስለሚይዘው በኮረኮንች መንገድ በቀላሉ አይላላም። ሆኖም ወደ እሱ ሲዞሩ ሁለት ወጥመዶች አሉ።

አንደኛው፣ በየሱቁ የሚሸጡት ባለ ስለት ቦክሶች ብዙዎቹ አንድ መግቢያ ብቻ አላቸው፤ ፊውዞቹ በሙሉ ከውስጥ በአንድ የብረት ዘንግ ተያይዘዋል። የአሮጌ መኪና ፊውዞች ግን የሚመገቡት ከአንድ ቦታ አይደለም። አንዳንዱ በቀጥታ ከባትሪ፣ አንዳንዱ ቁልፍ ሲዞር ብቻ፣ አንዳንዱ ደግሞ ከመብራት ማብሪያው ያገኛል። ሁሉንም አንድ ዘንግ ላይ ካሰሩ መኪናው ቆሞ ባትሪው ያልቃል፤ ከዚያም የባሰ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፊውዝ የራሱ መግቢያና መውጫ ያለውን ይምረጡ፣ ወይም ሁለት ሦስት ትናንሽ ቦክሶችን ጎን ለጎን ይግጠሙ።

ሁለተኛው ወጥመድ ቁጥሩ ላይ ነው። እንደ ድሮው ላንድ ሮቨር ባሉ የእንግሊዝ መኪኖች ውስጥ የሚገኘው የሉካስ ኩባንያ የመስታወት ፊውዝ ላይ 35 ተብሎ የተጻፈው የሚበጠስበት መጠን ነው፤ ሳይበጠስ ያለማቋረጥ የሚሸከመው 17 አምፔር ያህል ነው። ባለ ስለት ፊውዝ ላይ የሚጻፈው ግን የሚሸከመው ነው። ስለዚህ የ35ቱ ተተኪ 15 ወይም 20 ነው እንጂ 35 አይደለም። የባለ ስለት ፊውዞች ቀለም እንደ አምፔራቸው የተወሰነ ነው፦ 10 ቀይ፣ 15 ሰማያዊ፣ 20 ቢጫ፣ 30 አረንጓዴ። ፊውዝ የሚጠብቀው አምፖሉን ሳይሆን ሽቦውን ስለሆነ ሲጠራጠሩ በቀጭኑ ሽቦ ልክ ይምረጡ።

1. ባትሪውን መፍታት

መጀመሪያ ከመኪናው ሰውነት ጋር የታሰረውን፣ በአብዛኞቹ መኪኖች ኔጌቲቩን። በእነዚህ ላይ ፖዘቲቩን ቀድመው ሲፈቱ የብሎን መፍቻው የመኪናውን ሰውነት ከነካ ሾርት ያደርጋል፤ ኔጌቲቭ ሲፈታ ግን ቢነካም ምንም አይሆንም። የመስክ መኪና ላይ አንድ ባትሪ ብቻ አለ ብለው እንዳይዘናጉ። ለመጎተቻ ወይም ለፍሪጅ ተብሎ ሁለተኛ የተጨመረላቸው አሉ፤ በናፍጣ የሚሠሩ አንዳንድ ላንድ ክሩዘሮች ደግሞ ሁለት ባትሪ በተከታታይ አስረው በ24 ቮልት ይሠራሉ። ሁሉንም ይፍቱ። ከዚያ ፊውዝ ቦክሱ ላይ በመልቲሜትር ዜሮ መሆኑን ሳያረጋግጡ እጅዎን አያስገቡ።

2. ምልክት ማድረግ

ከሥራው ሁሉ ትዕግሥት የሚጠይቀው ይህ ነው። ፎቶ ያንሱ፣ ከላይም ከጎንም፣ በደንብ አብርተው። ፎቶ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ወረቀት ላይ ቦክሱን ይሳሉና ለእያንዳንዱ ሽቦ ቁጥር ሰጥተው ያንኑ ቁጥር ሽቦው ላይ በፕላስተር ይለጥፉ። የትኛው መግቢያ፣ የትኛው መውጫ እንደሆነ አብረው ይጻፉ።

እኔ የመጀመሪያዬን ስቀይር በሽቦው ቀለም ተማምኜ ሁሉንም አንዴ ነቀልኳቸው። 30 ዓመት የሞላው ሽቦ ላይ ቡናማ፣ ቀይና ብርቱካናማ የሚባል ነገር እንደሌለ ያወቅኩት በኋላ ነው። ገጣጥሜ ጨረስኩ፣ ሞተሩ ተነሣ፣ ደስ አለኝ። ቁልፉን አጥፍቼ ባወጣው ሞተሩ አልጠፋም። በቀጥታ ከባትሪ የሚመጣውንና በቁልፍ የሚመጣውን መስመር አንድ ላይ አስሬያቸው ኖሮ፣ ኤሌክትሪኩ በጓሮ በር ዞሮ ሞተሩን ይመግበው ነበር። ማርሽ አስገብቼ ፍሬን ረግጬ ነው ያጠፋሁት።

3. አንድ በአንድ ማዛወር

አሮጌውን ቦክስ ከተቀመጠበት ይፍቱት እንጂ ሽቦዎቹን አይንቀሉ። አዲሱን አጠገቡ አስቀምጠው አንድ ሽቦ ነቅለው፣ ጫፉን አሰናድተው፣ አዲሱ ላይ አስገብተው ወደሚቀጥለው ይሂዱ።

ጫፉን ማሰናዳት ሲባል ሽቦው ላይ የተጨመቀውን የድሮ የብረት ጫፍ (ተርሚናል) ማጽዳት አይደለም። ሽቦውን ቆርጠው ይላጡት፤ መዳቡ ከጠቆረ የሚያብረቀርቅ እስኪያገኙ ድረስ መልሰው ይቁረጡ። ለጥቂት ሳንቲሜትር ብሎ የጠቆረ መዳብ ላይ አዲስ ጫፍ መጭመቅ ያንኑ ችግር መትከል ነው። ሽቦው ካጠረ ውፍረቱ እኩል በሆነ ሽቦ ይቀጥሉት። አዲሱን ጫፍ ለዚሁ በተሠራው መጭመቂያ ይጭመቁት፤ በፒንሳ የተጨፈለቀ ጫፍ ዛሬ ይይዛል፣ ኮረኮንች ላይ ይለቃል። በቆርቆሮ መበየድ ይሻላል የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም፦ ቆርቆሮው በመዳቡ ክሮች መሐል ሽቅብ ስለሚሳብ ሽቦው ይገትራል፣ የመኪናው መንቀጥቀጥ ልክ ግትሩ ክፍል በሚያበቃበት ላይ ይሰብረዋል። ጨምቀው ሲጨርሱ በእጅ ጠንከር አድርገው ይሳቡት፤ ከወጣ አሁን መውጣቱ ይሻላል።

4. መትከል

ውሃ ከየት እንደሚመጣ ያስቡ። የፊት መስታወቱ ጎማ ካረጀ ዝናብ በዳሽቦርዱ ጀርባ ይወርዳል፤ ያቺ አረንጓዴ ዝገት የመጣችው ከዚያ ሊሆን ይችላል። ሽቦዎቹ ወደ ቦክሱ ከመግባታቸው በፊት ወደ ታች ጎንበስ ብለው ሽቅብ እንዲገቡ ያድርጉ፤ ውሃው ጉብጠቱ ላይ ተንጠባጥቦ ይቀራል። ሽቦ በብረት ቀዳዳ በሚያልፍበት ሁሉ የጎማ ቀለበት ያስፈልጋል።

5. ኤሌክትሪክ መመለስ

ባትሪውን በቀጥታ አያያይዙ። ፊውዞቹን በሙሉ አውጥተው፣ ቁልፉንና ማብሪያዎቹን ሁሉ አጥፍተው፣ በሮቹን ዘግተው፣ በባትሪው ኔጌቲቭ ምሰሶና በተፈታው ገመድ መካከል የ21 ዋት የፍሬቻ አምፖል ያስገቡ፤ ባለ 24 ከሆነ የ24 ቮልት አምፖል። አምፖሉ መጥፋት አለበት። ፊውዞቹን አንድ በአንድ ይሰኩ። አንዱን ሲሰኩ አምፖሉ ቦግ ካለ ያ መስመር ሾርት አለው፤ ኤሌክትሪኩን አምፖሉ ስለሚገድበው ግን የሚቃጠል ነገር የለም። ፈዘዝ ብሎ ከበራ አንድ ዕቃ፣ ምናልባት ሰዓቱ፣ ትንሽ እየሳበ ነው። አምፖሉ እንዳለ ሞተር ለማስነሣት አይሞክሩ።

ሁሉም ሰላም ከሆነ አምፖሉን አውጥተው ገመዱን ይሰሩ። ፍሬቻ፣ ክላክስ፣ የዝናብ መጥረጊያ፣ የፍሬን መብራት፣ እያንዳንዱን ይሞክሩ። ከዚያ ሞተሩን አስነሥተው ቁልፉን ያጥፉ፤ ለምን እንደምል ያውቃሉ።

የፊት መብራቱን 15 ደቂቃ አብርተው ያቆዩና ፊውዞቹን በጣት ይንኩ። ለብ ማለቱ ደህና ነው፤ ጣት የማያስቀምጥ ከሆነ ጭመቃው ወይም ፊውዙ የተሰካበት ከንፈር ላይ ችግር አለ። የመጀመሪያውን የኮረኮንች ጉዞ ጨርሰው ሲመለሱ ብሎኖቹን አንድ ጊዜ ጠበቅ ያድርጉና መጀመሪያ የለኩትን ቮልት እንደገና ይለኩት።