ከስልክ የመጣ የቤተ ክርስቲያን ክርክር በቁምስና ሲነሣ፦ ትውፊትን ለሚወድ ካቶሊክ የአመራመር መንገድ

በቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየሞች ጀርባ፣ አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ በሚጀምርበት በኩል፣ ቆርቆሮ የለበሰች አነስተኛ የቁምስና (የካቶሊክ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን) አዳራሽ አለችን። እሑድ ቅዳሴ ካበቃ በኋላ የጥናት ቡድናችን እዚያ ይሰበሰባል፤ ቡናው እስኪፈላ ድረስም ከወጣቶቹ አንዱ ስልኩን አውጥቶ አንድ ቪዲዮ ማሳየቱ የተለመደ ሆኗል። በቪዲዮው ላይ አንድ አሜሪካዊ ወይም ፈረንሳዊ ካቶሊክ በ1960ዎቹ የዓለም ካቶሊክ ጳጳሳት ያደረጉት ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እምነትን እንዳፈረሰ፣ አዲሱ የቅዳሴ ሥርዓት የአምልኮን ሞገስ እንደገፈፈ፣ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱም እንደሳቱ በቁጣ ይናገራል። እኔ ራሴ ትውፊትን ከሚወዱት ወገን ነኝ፤ ስለ ጋብቻ አለመፈታት፣ ስለ ሕይወት ክቡርነትና ስለ አምልኮ የቀደሙት አባቶች ያስተማሩት እንዲላላ አልፈልግም። ነገር ግን ሰውዬው የሚናገረው ስለ እኛ ይሁን ስለ ሌላ ሳይለይ አዳራሹ ለሁለት ሲከፈል ደጋግሜ ስላየሁ፣ እንዲህ ያለ ክርክር ሲመጣ እንዴት መመርመር እንደሚቻል ከልምዳችን እጽፋለሁ። የምጠቅሳቸው ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ በፊት ክርክሩ የተነሣበትን ጽሑፍ ራሱን ያግኙ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ንግግር ነው የተባለ ጥቅስ ከስልኬ አንብቤ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ከተነተንሁ በኋላ፣ ከኋላ ወንበር የተቀመጡ አንድ ጡረተኛ መምህር እጃቸውን አንሥተው «ልጄ፣ ይህ መቼ፣ በየትኛው ደብዳቤ ላይ ነው የተጻፈው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ቤት ገብቼ ብፈልገውም ጥቅሱን የትም አላገኘሁትም። በሚቀጥለው እሑድ ይህንኑ ተናግሬ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ከዚያ ወዲህ የሰነዱ ስም፣ ቀኑ፣ የጻፈው አካልና የተጻፈለት ወገን ያልታወቀ ነገር በአዳራሻችን አይነበብም። ቫቲካን ዋና ዋናዎቹን ሰነዶች በእንግሊዝኛም ስለሚያወጣ፣ ቋንቋውን የሚችል አንድ ሰው ሁለትና ሦስት አንቀጽ ወደ አማርኛ መልሶ፣ በወረቀት አባዝቶ ቢያመጣ ለአንድ ስብሰባ ይበቃል።

በ2023 የወጣውን «ፊዱቺያ ሱፕሊካንስ» የተባለ የቫቲካን ሰነድ ጉዳይ እንደ ምሳሌ ይውሰዱ። በዚያ ሰሞን በአንድ የልቅሶ ድንኳን ውስጥ፣ ጎረቤቴ የሆኑ የኦርቶዶክስ እምነት ተከታይ አባት «ጳጳሳችሁ ወንድና ወንድ ይጋቡ አሉ አይደል?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ አጠገቤ የነበረው የቁምስናችን ሰው አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። ጽሑፉን ቢያነበው ኖሮ ዝም ባላለ ነበር። ሰነዱ ታኅሣሥ 18 ቀን 2023 ከቫቲካን የእምነት አስተምህሮ ጽሕፈት ቤት የወጣና ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ያጸደቁት ሲሆን፣ ጋብቻ በአንድ ወንድና በአንዲት ሴት መካከል ብቻ የሚጸና መሆኑን በግልጽ ይደግማል። የፈቀደው ነገር ከሥርዓተ አምልኮ ውጭ፣ ያለ መጽሐፍና ያለ ሥርዓት፣ ተመሳሳይ ጾታ ያላቸውን ጨምሮ ከጋብቻ ሥርዓት ውጭ የሚኖሩ ጥንዶች ቡራኬ ሲጠይቁ ካህኑ አጭር ጸሎት እንዲያደርግላቸው ነው።

ትውፊት ጠባቂዎቹ በዚህ ላይ ያነሡት ተቃውሞ ከጥላቻ የመነጨ ብቻ አድርጎ ማቅረብ ትክክል አይመስለኝም። ይኸው ጽሕፈት ቤት በ2021 ቤተ ክርስቲያን ተመሳሳይ ጾታ ያላቸውን ሰዎች ጥምረት ለመባረክ ሥልጣን እንደሌላት፣ እግዚአብሔርም ኃጢአትን እንደማይባርክ ጽፎ ነበር፤ ስለዚህ ጥንድ ሆነው የቀረቡትን ሰዎች መባረክና ጥምረቱን መባረክ በምእመኑ ዓይን እንዴት ይለያል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ጥያቄ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ጥር 4 ቀን 2024 ባወጣው ማብራሪያ ቡራኬው ዐሥር ወይም ዐሥራ አምስት ሰኮንድ የሚፈጅ እንደሆነ እስከ መግለጽ ደርሶ፣ ጳጳሳት እንደየአገራቸው ሁኔታ ሊያመዛዝኑ እንደሚችሉም ተናገረ። ከሳምንት በኋላ፣ ጥር 11፣ በካርዲናል ፍሪዶሊን አምቦንጎ የተፈረመው የአፍሪካ ጳጳሳት ጉባኤዎች መግለጫ እንዲህ ያለው ቡራኬ በአፍሪካ ተገቢ ሆኖ እንዳላገኙት፣ ከርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ጋር ያላቸው አንድነት ግን እንዳልተናጋ አሳወቀ። ለጎረቤትዎ የሚመልሱት እንግዲህ እነዚህን ሦስት ነገሮች በቅደም ተከተል ነው፦ ጋብቻ አልተለወጠም፤ የተፈቀደው ነገር አከራክሯል፤ የአህጉራችን ጳጳሳት በአጠቃላይ አልተቀበሉትም። በዚህ ላይ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ወደ ተመሳሳይ ጾታ ዝንባሌ ያላቸውን ሰዎች በአክብሮትና በርኅራኄ መቀበል እንደሚገባ፣ ፍትሕ የጎደለው አድልዎም እንደማይፈቀድ መጻፉን ይጨምሩ። ይህንን ቆርጦ የሚያስቀር ሰው ትውፊቱን ግማሹን ብቻ ነው የያዘው።

ጽሑፉ ከተገኘ በኋላ የትምህርቱን ክብደት መለየት ይከተላል። በእግዚአብሔር የተገለጠ እምነት፣ ቤተ ክርስቲያን ለዘለቄታው የወሰነችው ትምህርት፣ አእምሮና ፈቃድ በአክብሮት ሊቀበሉት የሚገባ የዘወትር ትምህርት፣ እና ሊለወጥ የሚችል ሕግ ወይም የአስተዳደር ውሳኔ አንድ አይደሉም። ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1994 ክህነት ለወንዶች ብቻ መሆኑን ሲጽፉ ይህ ትምህርት በሁሉም ምእመናን ለዘለቄታው ሊያዝ እንደሚገባ አስታውቀዋል፤ ስለዚህ «ነገ ይለወጣል» የሚለው ወሬ መሠረት የለውም። የካህናት አለማግባት ግን ከዚህ ጋር አይመደብም። ከወጣቶቻችን አንዱ ያላገባ ክህነትን እንደማይለወጥ የእምነት ትምህርት (ዶግማ) ሲከላከል ሰምቼ፣ ከሮማ ጋር አንድ ሆነው የራሳቸውን ሥርዓት በሚከተሉት የምሥራቅ ካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት ያገቡ ወንዶች ካህናት የሚሆኑበት ጥንታዊ ሥርዓት መኖሩንና እኛም በሕግ ከምሥራቆቹ እንደምንቆጠር ሳስረዳው ግራ ተጋባ። ቪዲዮውን የሠራው ሰው ይህን ሊነግረው አይችልም፤ እሱ ለራሱ አገር ሰዎች ነው የሚናገረው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ለእኛ ከሁሉ የሚበልጠው ይመስለኛል፦ ክርክሩ የየትኛው ሥርዓት ክርክር ነው? በአዲስ አበባ ዳርቻዎች በምንገኝ ቁምስናዎች ውስጥ በግዕዝ ሥርዓት የተጠመቁና ከሆሳዕና፣ ከሶዶ ወይም ከሐዋሳ በኩል መጥተው በላቲን (በሮማ) ሥርዓት የተጠመቁ ምእመናን አብረው ይቆማሉ። በምዕራቡ ዓለም የሚናፈሰው ትልቁ ጠብ ደግሞ በላቲኑ ሥርዓት ውስጥ ያለ ጠብ ነው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ በ1969 አዲሱን የሮማ መጽሐፈ ቅዳሴ አወጡ፤ ሊቀ ጳጳስ ማርሴል ለፌብር ይህን ተቃውመው በ1988 ያለ ሮማ ፈቃድ አራት ጳጳሳት ቀቡና ተወገዙ፤ በነዲክቶስ 16ኛ በ2007 የቀድሞው ቅዳሴ በስፋት እንዲቀደስ ፈቀዱ፣ በ2009ም ከአራቱ ጳጳሳት ላይ ውግዘቱን አነሡ፤ ፍራንቸስኮስ ሐምሌ 16 ቀን 2021 «ትራዲሲዮኒስ ኩስቶዴስ» በተባለ ደብዳቤ ፈቃዱን መልሰው አጠበቡት። ይህ ሁሉ የሮማን ሥርዓት የሚመለከት ነው። አንድ የቦሌ አራብሳ ወጣት በግዕዝ ቅዳሴ አድጎ፣ ሕዝቡ በቅዳሴ የሚመልሰውን የግዕዙን ተሰጥዎ ሳያውቅ፣ የላቲኑን ጸሎት በስልኩ እየሸመደደ «ትውፊቴን ነጠቁኝ» ሲል ስሰማ ማዘኔ አልቀረም። ያልነበረውን ማን ነጠቀው?

የእኛ ትውፊት የተጠበቀበትን ታሪክ ለቡድኑ ማስተማር ይህን ውዥንብር ከማንኛውም ክርክር በላይ ያጠራዋል። ጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያዕቆብ በ1839 ወደ ትግራይ ሲመጡ የሕዝቡን ቋንቋ ተምረው፣ የግዕዙን ሥርዓት አክብረው ነው የሠሩት፤ ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤልም ከእሳቸው ጋር አንድ ሆነው ሲሰደዱና በ1855 በእስር ሲያርፉ ኢትዮጵያዊ መነኩሴነታቸውን አልጣሉም። ትውፊት ወዳዶች የሚያከብሯቸው ሊዮ 13ኛ በ1894 ባወጡት ደብዳቤ የምሥራቅ ምእመናንን ወደ ላቲን ሥርዓት እንዲሻገሩ የሚገፋፋ ላቲናዊ ሚሲዮናዊ ከሥራው እንዲታገድ ደነገጉ። ብዙ የሚወቀሰው ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም በ1964 ባወጣው ስለ ምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት በሚናገረው ውሳኔ፣ ከአባቶቻቸው ሥርዓት የራቁ ወደዚያ ለመመለስ እንዲጥሩ አዘዘ። የ1990ው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖናም ምእመናን የራሳቸውን ሥርዓት እንዲያውቁ፣ እንዲያፈቅሩና እንዲጠብቁ ያስገድዳል። ጉባኤው ከቀድሞው ጋር ተቆራርጧል ወይስ ቀጥሏል ለሚለው ክርክር በነዲክቶስ 16ኛ ታኅሣሥ 22 ቀን 2005 ያደረጉት ንግግር ጥሩ መግቢያ ነው፤ እኛ ግን ቀጣይነቱን በገዛ ቤታችን ማየት እንችላለን።

አንድ ቦታ ላይ የምዕራባውያኑ ክርክር እኛንም በቀጥታ ይነካል፤ እሱም ካህኑ በመሠዊያው ፊት ወደየት ይቁም የሚለው ነው። በቅዳሴያችን ዲያቆኑ «እለ ትነብሩ ተንሥኡ» ብሎ ተቀማጮችን ካስነሣ በኋላ «ውስተ ጽባሕ ነጽሩ»፣ ማለትም ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ፣ ይላል። በአንዳንድ አዳራሾች ግን ይህ ሲዜም ካህኑ ፊቱን ወደ ሕዝቡ አዙሮ ቆሟል፤ ሕዝቡም ወደ ካህኑ ይመለከታል። በ1996 ከሮማ ለምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት የወጣው የሥርዓተ አምልኮ መመሪያ ወደ ምሥራቅ ተመልክቶ መጸለይ ሊጠበቅ የሚገባው ልማድ መሆኑን ይገልጻል። እዚህ ላይ ትውፊት ወዳዱ ወጣት ልክ ነው፤ ማስረጃው ግን ከፓሪስ ወይም ከቴክሳስ ሳይሆን ከዲያቆኑ አፍ ነው የሚገኘው። (መቁጠሪያን ከላቲኖቹ የመጣ ነው ብለው እናቶችን የሚያሳዝኑ ሰዎች ደግሞ ይታገሡ፤ የእኔም እናት በመቁጠሪያ ነው ያሳደገችኝ።)

ስለ ማኅበራዊ ጉዳዮች የሚነሣውን ክርክር ሲያዘጋጁ አንድ ስሕተት እንዳይሠሩ። የእኛ ትውፊት ወዳዶች ስለ ፅንስ ማስወረድ፣ ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያና ስለ ግብረ ሰዶም ለመናገር ይቸኩላሉ፤ ትምህርቱም ግልጽ ነው፤ ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያና ስለ ሕይወት ክቡርነት የሚናገሩትን የርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ደብዳቤዎች፣ የ1968ቱን «ሁማኔ ቪቴ»ንና የ1995ቱን «ኤቫንጀሊዩም ቪቴ»ን፣ አንብቦ ማስረዳት ይቻላል። ነገር ግን ያው የጥንቱ ትምህርት «ወደ ሰማይ የሚጮኹ ኃጢአቶች» ብሎ ከሚቆጥራቸው መካከል የሰዶም ኃጢአት ብቻ ሳይሆን የአቤል ደም፣ የተጨቆነ ሕዝብና የመጻተኛ፣ የመበለት፣ የሙት ልጅ ጩኸት፣ የሠራተኛን ደመወዝ መከልከልም ይገኙበታል። በሰፈራችን በየግንባታው ሥር ሲሚንቶ የሚሸከም የቀን ሠራተኛ ቅዳሜ ማታ ሒሳቡን ተከልክሎ ሲመለስ እያየን፣ ከዚህ ዝርዝር አንዱን ብቻ መርጠን የምንሰብክ ከሆነ ሰሚው ትውፊት ሳይሆን ጥላቻ ነው የሚሰማው። ሊዮ 13ኛ በ1891 «ሬሩም ኖቫሩም»ን የጻፉት ስለ ሠራተኛው ፍትሐዊ ደመወዝ ጭምር ነው፤ በ2025 የተመረጡት ሊዮ 14ኛም ስማቸውን የመረጡበትን ምክንያት ሲያስረዱ ይህንኑ ደብዳቤ ጠቅሰዋል። በእኛ ቡድን ስለ «ሁማኔ ቪቴ» ባጠናንበት ወር ስለ ቤት ሠራተኞች የዕረፍት ቀንና ደመወዝም አጠናን፤ የሁለተኛው ስብሰባ ከመጀመሪያው ይልቅ ብዙዎችን ዝም አሰኘ።

በመጨረሻ ቅሬታ ካለ ለማን እንደሚቀርብ ይወቁ። የምሥራቁ ሕገ ቀኖና በአንቀጽ 15 ምእመናን እንደ እውቀታቸው መጠን ስለ ቤተ ክርስቲያን ጥቅም ያላቸውን አሳብ ለእረኞቻቸው የመግለጽ መብት፣ አንዳንድ ጊዜም ግዴታ እንዳለባቸው ይናገራል፤ የእምነትን ንጽሕና፣ ለእረኞች የሚገባውን አክብሮት፣ የጋራ ጥቅምንና የሰዎችን ክብር እንዲጠብቁም ያሳስባል። ስለዚህ ካህንዎን በስልክ ቀድቶ በቴሌግራም መልቀቅ ከዚህ መብት ውስጥ አይገባም። ደብዳቤ ይጻፉ፤ አንድ ገጽ ይብቃው፤ አንድ ጉዳይ ብቻ ያንሡ፤ የሚጠቅሱትን ሰነድ ስምና ቀን ያስፍሩ፤ ስምዎን ጽፈው ይፈርሙ። መጀመሪያ ለቆሞሱ (ቁምስናውን ለሚመሩት ካህን) ይስጡ፤ ጉዳዩ ከእሳቸው በላይ ከሆነ እሳቸው ራሳቸው ወደ ሀገረ ስብከት የሚሄድበትን መንገድ ያሳዩዎታል። «መንበረ ጴጥሮስ ባዶ ነው»፣ ማለትም ዛሬ እውነተኛ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት የለም፣ የሚል ሰው ቢገጥምዎ ግን ክርክሩን አያራዝሙት፤ እረኛ የለም ከሚል ጋር ለየትኛው እረኛ ደብዳቤ ይጻፋል?

እኛ ካህኑ ወደ ምሥራቅ ዞረው እንዲቀድሱ የሚጠይቅ ደብዳቤ ዘጠኝ ሰው ፈርመን ለቆሞሳችን ሰጥተን ነበር። አባ ቁመው አነበቡት፤ አጥፈው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱና «እኔ ብዞር ሰላም ለኵልክሙ ስላችሁ ማን ይመልስልኛል? ግማሻችሁ ዝም ነው የምትሉት፤ መጀመሪያ ተሰጥዎውን ተማሩ» አሉን። አሁን ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ መልስ፣ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ በዚያችው አዳራሽ አንድ ዲያቆን ያስተምረናል። መምጣት የሚፈልግ ሰው ደብተርና እርሳስ ይዞ ይምጣ፤ መብራት ብዙ ጊዜ ስለሚጠፋ ሻማ ቢጨምር ደግሞ የተሻለ ነው።