ትልቅና ድንጉጥ ውሻን ጸጥ ካለ ቤት እንዴት ማላመድ ይቻላል?

ሰዎች ወደ ኮንዶሚኒየም ሲገቡ ወይም ከባሕር ዳር ሲለቁ ብዙ ጊዜ ትልቁ ውሻቸው ሰብሳቢ ያጣል። እንዲህ ያለውን ውሻ ጸጥ ወዳለ ቤት መውሰድ ይቻላል፤ ሰንሰለቱ ግን መቅረት አለበት። ቀኑን ሙሉ ታስሮ የሚውል ውሻ ጉልበቱ መውጫ ሲያጣ ጯኺና ፈሪ ይሆናል።

በመጀመሪያ፣ ከመውሰድዎ በፊት በነበረበት ግቢ ሁለት ሦስት ጊዜ ይጎብኙት። ምን እንደሚበላና ምን እንደሚያስደነግጠው ይጠይቁ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ካልተከተበ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ይውሰዱት፤ በየዓመቱም ያስደግሙ። የሚተኛበትን ጨርቅ ሳያጥቡ ይዘው ይምጡ፤ የሚያውቀው ሽታ ያረጋጋዋል።

ቤት ሲገባ ሰው በማይመላለስበት ጥግ ያንኑ ጨርቅ ያንጥፉለት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንግዳ አይጥሩ፤ አይቀፉት፤ ራሱ እስኪመጣ ይጠብቁ። እንቅልፍ ሳይመጣበት ካዛጋ፣ ከንፈሩን ደጋግሞ ከላሰ ወይም ፊቱን ካዞረ ጨንቆታል ማለት ነው። ሲያጉረመርም አይምቱት። ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው፤ በዱላ ዝም ያሰኙት ውሻ ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል።

በየቀኑ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ገደማ፣ ባጃጁ ሳይበዛ፣ በጣና ዳር ያንሸራሽሩት። ደንገሉን ሲያሸት አይጎትቱት፤ ማሽተት እንደ ሩጫ ያደክመዋል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ስላለ ገመዱን አይልቀቁ። በሚያዝያ ፀሐይ ደግሞ መዳፍዎን ገልብጠው አስፋልቱን ይንኩ፤ እጅዎ ካልቻለው የእሱም እግር አይችለውም።

ከሁሉ ትዕግሥት የሚጠይቀው የቡናው ሰዓት ነው። ውሻችን መቻል በመጣ በማግስቱ እናቴ ቶናውን ልትቀዳ ስትል፣ በደስታ የወዘወዘው ጭራው ከረከቦቱ ላይ ሦስት ሲኒ ጠርጎ ጣለ። ማንም አልተቆጣውም፤ የሲኒዎቹ ድምፅ ብቻ አስደንግጦት ከሶፋው ኋላ ገባና እስከ ማታ አልወጣም። ከዚያ በኋላ ያደረግነው ይህ ነው፦ ቡናው ከመቆላቱ በፊት አንሸራሸርነው። ከረከቦቱ ራቅ አድርገን ምንጣፍ አነጠፍንለትና በተኛ ቁጥር ዝም ብለን የተቀቀለ ሥጋ ቁራጭ ከፊቱ አስቀመጥን። በመጀመሪያው ቀን ከአንድ ደቂቃ በላይ አልቆየም። በየቀኑ ጥቂት እየጨመርን በሦስተኛው ሳምንት እስከ በረካው ድረስ ተኝቶ መቆየት ቻለ። ሲነሳ አልጮኽንበትም፤ ወደ ምንጣፉ መልሰን እንደገና ጀመርን።

ምግቡን በቀን ሁለት ጊዜ ይስጡት፤ ከበላ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት አያሩጡት፤ የትልልቅ ውሾች ሆድ ተነፍቶ ሊጠማዘዝና ሊገድላቸው ይችላል። የወጥ ትራፊ አይስጡት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳሉ፤ የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥሮ አንጀቱን ሊወጋ ይችላል።

በሐምሌና በነሐሴ ነጎድጓድ፣ እንዲሁም በበዓል ርችት ጊዜ፣ መስኮቱን ዘግተው ከጥጉ አጠገብ ቁጭ ይበሉ። ሲንቀጠቀጥ ማባበል ፈሪ አያደርገውም። ተጠግቶ ራሱን ጭንዎ ላይ ካሳረፈ፣ ዝናቡ እስኪያባራ እዚያው ይቆዩለት።