መኪና በገጫችሁ ሰሞን አትፈርሙ

ባለፈው ማክሰኞ ቢሮዬ የመጡ አንዲት እናት ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ያወጡት ወረቀት ከልጅ የሒሳብ ደብተር የተገነጠለ ነው። አራት መስመር ጽሑፍ፣ የሦስት ሽማግሌዎች ስም፣ ከታች የእሳቸው ሰማያዊ የጣት አሻራ። «ለሕክምና 15 ሺህ ብር ተቀብያለሁ፤ ከእንግዲህ በአሽከርካሪውም ሆነ በባለንብረቱ ላይ ምንም ዓይነት የካሳ ጥያቄ የለኝም፤ በዕርቅ ጨርሰናል» ይላል። ተክለሃይማኖት አካባቢ ሚኒባስ በገጫቸው ማግስት፣ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ የተጻፈ ነው። ያን ቀን የታወቀው የቁርጭምጭሚት ስብራት ብቻ ነበር። የጉልበታቸው ጅማት መበጠሱ የተደረሰበት በሦስተኛው ሳምንት ነው። ዛሬ ዝቅ ብለው መቀመጥ አይችሉም። ሥራቸው ደግሞ ጉልት ነው።

ጠበቃ ሆኜ ልደታ ፍርድ ቤት በር ላይ ዓመታት ተመላልሻለሁ፤ ይቺን ወረቀት በስንት ዓይነት የእጅ ጽሑፍ እንዳነበብኳት እኔ አውቃለሁ። ስለዚህ ዛሬ መጀመሪያ የምናገረው ስለሷ ነው፤ ረዘም ቢልም ታገሱኝ።

ሳይድኑ መፈረም

ሽምግልናን አልጠላም። የአሽከርካሪው እናት አልጋው ሥር ተንበርክካ ስታለቅስ፣ ሽማግሌው ነጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው «እግዜር አትርፎሻል፣ አንቺም ማሪው፣ የልጆች አባት ነው» ሲሉ «አልምርም» የሚል አንጀት ያለው ሰው ጥቂት ነው። ማሩት! ይቅርታው የእናንተ ነው። ግን ይቅርታ በአፍ ይባላል፤ ወረቀት አያስፈልገውም። ወረቀት የሚያስፈልገው ባለንብረቱ ነው፤ ወረቀቱን ያረቀቀውም ብዙ ጊዜ የእሱ ሰው ነው። «ለሕክምና» ብሎ ይጀምርና «ምንም ጥያቄ የለኝም» ብሎ ይዘጋል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 3312 ተዋዋዮች በስምምነት የጨረሱት ክርክር በመካከላቸው ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል። ማለትም ጉልበታችሁ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ሲያብጥ፣ እናንተ በራሳችሁ ላይ ፈርዳችሁ ጨርሳችኋል።

የማክሰኞዋ እናት አንድ ቀዳዳ አለቻቸው፤ ማንበብ አይችሉም። ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው አሻራ በሰነድ አረጋጋጭ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም፤ ቁጥር 1728 ነው። እናንተ ግን ፊደል ከቆጠራችሁ ይህ ቀዳዳ የላችሁም። ተምረው የፈረሙት ናቸው ይበልጥ የሚያሳዝኑኝ።

ገንዘቡ ካስፈለገ ተቀበሉ፤ ሕክምና ጊዜ አይሰጥም። ወረቀቱ ላይ ግን «ለጊዜያዊ ሕክምና የተሰጠ፣ ከጠቅላላው ካሳ ላይ የሚታሰብ» የምትለዋ ቃል ትግባ። «እንዲህ ከሆነማ አልሰጥም» ካላችሁ፣ ድሮም የሚሰጣችሁ ለሕክምናው አልነበረም። ሽማግሌ ተቀምጦ ካሳ የሚቆረጠው ሐኪም «ከዚህ በላይ አይሻሻልም» ካለ በኋላ ነው።

ካርድ ክፍል «ወድቄ ነው» ማለት

አሽከርካሪው ራሱ ይዟችሁ ይሄዳል፣ መንገድ ላይ «ትራፊክ አደጋ ካላችሁ ፖሊስ ይመጣል፣ ሕክምናው ይዘገያል» ይላችኋል። ውሸት ነው። ሐኪሙ የሰማውን ካርዱ ላይ ይጽፋል፤ ከስድስት ወር በኋላ የመድን ድርጅቱ ጠበቃ «ደረጃ ላይ ወድቃ ነው፣ የራሷ ካርድ ይናገራል» እያለ ያነበዋል። ያቺን አንዲት መስመር ለማስተባበል ሦስት ምስክር አቁሜ አውቃለሁ። በነገራችን ላይ የተሽከርካሪ አደጋ ተጎጂ የድንገተኛ ሕክምና እንዲያገኝ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጁ ራሱ ያዛል። አምቡላንስ ከፈለጋችሁ የቀይ መስቀል 907 አለ፤ የእሳትና አደጋ ደግሞ 939።

ፕላን ሳይነሳ መኪናውን ማስነሳት

ሜክሲኮ አደባባይ ላይ መንገድ ሲዘጋ የጥሩምባውን ጩኸት ታውቁታላችሁ። «ይነሳ! ይነሳ!» ይባላል፤ መኪናው ይነሳል፤ የጎማው አሻራ ይረገጣል። መርማሪው ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ የአደጋውን ፕላን፣ ማለትም የቦታውን ንድፍ፣ ካላነሳ፣ ክርክሩ «ዜብራው ላይ ነበርኩ»፣ «አልነበርክም» ሆኖ ይቀራል። ራሳችሁ ባትችሉ ከጎናችሁ ያለ ሰው በስልክ ሦስት ነገር ያንሳ፤ ታርጋውን፣ መኪናው የቆመበትን ቦታ ከመንገዱ ቀለም ጋር፣ የፊት መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን የሦስተኛ ወገን መድን ስቲከር። ስቲከሩን ማንም አያነሳም። ኋላ ደግሞ «የትኛው መድን ነው?» እያልን እንዞራለን።

ካሜራም አለ። ከቸርችል ጎዳና እስከ ፒያሳ ካሜራ የሌለው ሱቅና ባንክ ፈልጋችሁ አታገኙም። ቅጂው ግን ራሱን እየደመሰሰ ነው የሚቀዳው፤ በወሩ ብትሄዱ ባዶ ነው። ባለሱቁ ለእናንተ ላይሰጥ ይችላል፤ መርማሪው ደብዳቤ እንዲጽፍ በዚያው ሳምንት ወትውቱት። መርማሪን መወትወት ነውር አይደለም።

ሾፌሩን ብቻ መክሰስ

«እሱ ነው የገጨኝ!» ልክ ነው፤ ግን ምን አለው? ቤቱ የኪራይ፣ ሚኒባሱ የሰው። በቁጥር 2081 መኪናው ላደረሰው ጉዳት ባለንብረቱ ኃላፊ ነው፤ ያልፈቀደለት ሰው ቢነዳው እንኳ። ከዚህ የሚወጣው በዚያ ሰዓት መኪናው ተሰርቆ እንደነበር ካስረዳ ነው። «እኔ እኮ ጥፋት የለብኝም» ማለትም አያድነውም። ስለዚህ ክሱ ላይ ባለንብረቱም መድን ድርጅቱም ይግቡ።

ባለንብረቱ ማን ነው የሚለው ሌላ ጣጣ ነው። በከተማችን መኪና በውክልና ይሸጣል፣ ይሸጣል፣ እንደገና ይሸጣል፤ ሊብሬው ላይ ያለው ስም ግን የመጀመሪያው ሰውዬ ነው። ሰንጋ ተራ ላይ በገጨ አንድ ፒክአፕ ጉዳይ ሊብሬው የተገኘው መኪናውን ከሸጠ ስድስት ዓመት በሞላው ጡረተኛ ስም ነበር። አላፊነቱን እርስ በርስ ይከራከሩበት። የእናንተ ሥራ ከመንጃ ፈቃድና ተሽከርካሪ ቢሮ ባለንብረቱን በመዝገብ አጣርቶ፣ በስሙ የተመዘገበውንም በእጁ የያዘውንም መጥራት ነው።

«ዜብራ ላይ ስላልነበርኩ መብት የለኝም»

ይህን የሚሉኝ ጨዋዎቹ ናቸው፤ ትራፊክ ፖሊሱም ባለንብረቱም ተጋግዘው ስላሳመኗቸው። የእግረኛው ጥፋት ካሳውን ሊቀንስ ይችላል፤ ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የእሱ ከሆነም ባለንብረቱን ነፃ ሊያወጣ ይችላል። ግን ያንን የሚያስረዳው ባለንብረቱ ነው፤ የሚመዝነውም ዳኛ ነው። ከዜብራው አሥር ሜትር ርቃችሁ ስትሻገሩ በሰዓት ሰማንያ የሚበር መኪና ከመታችሁ የእሱም ድርሻ ይሰላል። ራሳችሁን አስቀድማችሁ አትቅጡ።

የወንጀሉ ክስ እስኪያልቅ መጠበቅ

ከፊርማው ቀጥሎ ብዙ ሰው የጎዳው ይሄ ነው። ዐቃቤ ሕግ ሾፌሩን ይከሳል፤ ተጎጂው ምስክር ሆኖ ይቀርባል፤ «ፍርድ ሲሰጥ ካሳዬም አብሮ ይመጣል» ብሎ ይቀመጣል። አይመጣም። ሾፌሩ የሚቀጣው መቀጮ የመንግሥት ነው። ካሳ በፍትሐ ብሔር ክስ ይጠየቃል፤ ለእሱም ሕጉ የሰጠው ሁለት ዓመት ነው፤ ቁጥር 2143። የወንጀሉ ይርጋ (የመክሰሻው ጊዜ ገደብ) ከዚህ የሚረዝም ከሆነ ያኛው ይሠራል፤ ግን እሱን ተማምኖ መተኛት ልክ አይደለም። አንድ ልጅ ሁለት ዓመት ከአራት ወር አልፎት መጣ፤ ያቺን ንዑስ አንቀጽ ይዘን ይርጋውን አለፍነው፤ ለዚያ ክርክር ብቻ ግን አንድ ዓመት አለቀ። አንድ ዓመት ሙሉ በክራንች ልደታ ደረጃ ላይ!

ተቃራኒውም አለ። ሾፌሩ በወንጀል ነፃ ሲባል ተጎጂዎች ፋይላቸውን አጥፈው ይሄዳሉ። የፍትሐ ብሔሩ ችሎት በወንጀሉ ነፃ መባል አይታሰርም፤ ቁጥር 2149ን አንብቡ።

መድን የከፈለውን ጠቅላላ ካሳ አድርጎ መቁጠር

የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ሲወጣ ለሞትም ለአካል ጉዳትም ያስቀመጠው ጣሪያ 40 ሺህ ብር ነበር። ይህ ቁጥር ሊሻሻል የሚችል ስለሆነ አደጋው በደረሰበት ቀን የሚሠራውን ጠይቁ። ጣሪያው ስንትም ይሁን የመድኑ ጣሪያ እንጂ የእናንተ ካሳ ጣሪያ አይደለም። ጉዳታችሁ 600 ሺህ ከሆነ የቀረውን ባለንብረቱ ይከፍላል። ባለንብረቱ ከግዴታው በላይ የገባው የመድን ውል እንዳለም ፖሊሲው ይቅረብ በሉ። ድርጅቱ ቼክ ሲሰጥ የሚያስፈርመውን ቅጽ ደግሞ እስከ መጨረሻው መስመር አንብቡት፤ የልጅ ደብተሩ ወረቀት እዚያም አለ፣ ማኅተም ስላለው ብቻ ያምራል።

ታርጋው ስላልታየ መተው

ገጭቶ ላመለጠና መድን ለሌለው መኪና የመድን ፈንድ የሚባል አለ፤ ዛሬ የሚያስተዳድረው የመንገድ ደህንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት ነው። የሚጠይቃችሁ የመጀመሪያው ነገር የፖሊስ ማስረጃ ነው። በቀኑ ያላመለከተ ሰው ምን ይዞ ይሄዳል?

የእኔ ስህተት

ሥራ በጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ፣ የጭኑ አጥንት በብረት የታሰረለት ወጣት ይዤ ነበር። የሕክምና ደረሰኙን ደምሬ፣ የቀረበትን ገቢ አስልቼ፣ ተፈርዶለት ተጨባበጥን። ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ደወለልኝ። «ብረቱ ይውጣ ተባልኩ፤ የማውጫውስ?» አለኝ። ብረት እንደሚወጣ ማንም አልነገረኝም፤ እኔም ሐኪሙን አልጠየቅኩም። ሕጉ እርግጠኛ የሆነ የወደፊት ጉዳት ከአሁኑ እንዲካስ ይፈቅዳል፤ ቁጥር 2092ን ተምሬዋለሁ፣ ፈተና ላይም መልሼዋለሁ። የማውጫውን ግማሽ ከኪሴ ነው የከፈልኩት። ከዚያ ወዲህ አንድም ክስ ከመጻፌ በፊት ለሐኪሙ አንድ ጥያቄ ሳላቀርብ አልቀርም፦ ወደፊት ምን ይቀረዋል? መልሱም በጽሑፍ፣ ከሕክምና ቦርዱ የጉዳት መቶኛ ጋር።

ስለ ደረሰኝና ስለ ገቢ

ሁሉም ይጠፋል፤ በተለይ የታክሲና የአስታማሚ ወጪ። ካኪ ፖስታ ግዙ። «ደሞዝተኛ አይደለሁም፣ ገቢዬን በምን አስረዳለሁ?» ለሚሉ የዕቁብ ደብተር አለላችሁ። በየሳምንቱ 500 ብር የጣለች የጉልት ነጋዴ ቢያንስ ያንን ታገኝ እንደነበር ዳኛ ይገባዋል። ጉዳቱ በትክክል ሊሰላ ካልቻለ ደግሞ ፍርድ ቤቱ በርትዕ፣ ማለትም በሚዛናዊ ግምት፣ ይቆርጣል። የሞራል ካሳ ላይ ሦስት ገጽ አታባክኑ። ጣሪያው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የተጻፈው 1,000 ብር ነው፤ አዎ፣ አንድ ሺህ።

ሟች ሲኖር

እህትና ወንድም መጀመሪያ የሚሮጡት ለወራሽነት ማስረጃ ነው። ካሳው ግን በራሳቸው ስም የሚጠይቁት የትዳር ጓደኛ፣ ወላጅና ተወላጅ ናቸው። እህቱን ያስተምር የነበረ ወንድም ሲሞት እህቲቱ ምንም የላትም። ሕጉ እንዲህ ነው፤ እኔም አልወደውም።

ክራንቹን ለችሎት ማስቀመጥ

«ከተሻለኝ ካሳው ይቀንሳል» ብለው ፊዚዮቴራፒ የሚያቋርጡ አሉ። ጉልበት ሳይታጠፍ ከረመ ማለት ተመልሶ ላይታጠፍ ይችላል ማለት ነው፤ የትኛውም ፍርድ አያጥፈውም። ተከራካሪውም የሐኪሙን ቀጠሮ ለምን እንዳቋረጣችሁ መጠየቁ አይቀርም። የዳኝነት መክፈያ የቸገራችሁ ደግሞ በደሃ ደንብ መክሰስ እንዳለ አትርሱ። የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ለሴቶች በነፃ ያግዛል።

የማክሰኞዋን እናት ክስ ሐሙስ አስገባን። ከመዝገብ ቤት ስንወጣ ክንዴን ያዝ አድርገው «ልጄ፣ ሾፌሩን ግን እንዳታሳስረው፤ ምሬዋለሁ ብያለሁ» አሉኝ። ክሱ ባለንብረቱና መድን ድርጅቱ ላይ እንደሆነ፣ የሾፌሩ ስም በምስክር ዝርዝር ውስጥ ብቻ እንዳለ ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና «እንግዲያስ ያቺ የጣት አሻራዬ ያለባት ወረቀት አንተው ጋ ትቀመጥ፤ ቤት ውስጥ ሳያት ያንገበግበኛል» አሉ። ፋይላቸው ውስጥ ነች።