የቤት ኤሌክትሪክ ዕቃ ሲበላሽ ፍተሻው ከግድግዳው ይጀመር

በአንድ የጥምቀት ሰሞን፣ ለከተራ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ እዚህ ጎንደር ጎረቤታችን የሆኑ እናት ምጣዳቸው አልግል ብሏቸው አዲስ የምጣድ ሽቦ ገዝተው ጠሩኝ። አብሲቱ ገብቶ ሊጡ ኩፍ ብሏል፤ እንግዶቹም መንገድ ላይ ናቸው። ምጣዱን ከመገልበጤ በፊት ስፒናውን ከሶኬቱ ነቅዬ ሳየው አንደኛው እግሩ ጠቁሯል፣ ዙሪያው ያለው ፕላስቲክም ቀልጦ የተቃጠለ ጎማ ይሸታል። የምጣዱ ሽቦ ግን ደኅና ነበር። ስፒናውና ሶኬቱ ተቀየሩና እንጀራው በዚያው ምሽት ተጋገረ።

ዕቃው ራሱ ሳይበላሽ ተበላሽቷል ተብሎ የሚፈታበት አጋጣሚ ብዙ ስለሆነ፣ ፍተሻው ከግድግዳው ተነሥቶ ወደ ዕቃው ቢሄድ ይመረጣል። መጀመሪያ ብሬከሩ አለመውደቁን ማየት፣ ቀጥሎ በዚያው ሶኬት ላይ እንደ ስልክ ቻርጀር ያለ ቀላል ነገር መሞከር፣ ከዚያም ስፒናውንና ገመዱን መመርመር ነው። ዕቃው የሚፈታው እነዚህ ሁሉ ደኅና ሆነው ሲገኙ ብቻ ሲሆን፣ ያኔም ስፒናው ከሶኬቱ መነቀል አለበት። ምጣዱ በቀጥታ ከመስመር የተያያዘ ከሆነ ብሬከሩን ካጠፉ በኋላ ኃይል አለመኖሩን በቴስተር ሳያረጋግጡ እጅ ማስገባት አይገባም።

በቤታችን ካሉት ዕቃዎች ከፍተኛ ኃይል ከሚወስዱት አንዱ ምጣድ ነው። 3,500 ዋት የሆነ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል፤ ይህ ደግሞ ተራው ስፒና የሚችለው የመጨረሻ ልክ ነው። ስለዚህ ምጣድን ከማከፋፈያ ላይ መሰካት ስፒናውንና ገመዱን ማቃጠል ነው። ለምጣድ ራሱን የቻለ ብሬከር ያለው፣ ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ መስመር ቢዘረጋ ከአብዛኛው ጣጣ ይገላግላል።

የምጣዱ ሽቦ መበጠሱን ለማወቅ መልቲሜትሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) ኦም ላይ አድርጎ ሁለቱን ጫፎች መለካት ይበቃል። ለ3,500 ዋት ምጣድ 14 ኦም አካባቢ ማሳየት አለበት፤ ምንም ንባብ ካልሰጠ (OL ወይም 1 ብቻ ካለ) ተበጥሷል። ብዙ ሰው የተበጠሱትን ጫፎች በፒንሳ ስቦ ያጠማዝዛቸዋል፤ እኔ ይህን አልመክርም። የተጠማዘዘው ቦታ በደንብ ስለማይነካካ ከሌላው ይበልጥ ግሎ እንደገና ይበጠሳል፣ ሽቦውም በተቆረጠ ቁጥር እያጠረ ስለሚሄድ የሚስበው ኃይል ይጨምራል። ሙሉውን መቀየር፣ ጥቅሉን በቦዩ ውስጥ እኩል መዘርጋትና ጫፎቹን ሙቀት በሚችል የሸክላ ማያያዣ ማሰር ይሻላል። እንጀራው በአንድ በኩል ብቻ የሚበስል፣ በሌላው በኩል ዐይን የማያወጣ ከሆነ ሽቦው ከቦዩ ወጥቶ ወይም እርስ በርሱ ተነካክቶ ሊሆን ይችላል።

በዓል ሲቃረብ ሁሉም ቤት ስለሚጋግር ኃይሉ ሊደክም እንደሚችል መታወቅ አለበት። ቮልቱ ከ220 ወደ 180 ቢወርድ የምጣዱ ሙቀት በሲሶ ይቀንሳል። በቀን ደኅና ሲጋግር ውሎ ማታ የሚቀዘቅዝ ምጣድ እንግዲህ ጥገና ሳይሆን የሰዓት ለውጥ ነው የሚያስፈልገው።

ምጣዱ፣ ፍሪጁ ወይም ልብስ ማጠቢያው ሲነኩት የሚነዝር ከሆነ ግን ትንሽ ነው ተብሎ መታለፍ የለበትም። ጫማ አድርጎ መጋገር መፍትሔ አይደለም፤ ባዶ እግሩን በእርጥብ ወለል ላይ የሚሄድ ሕፃን ቤት ውስጥ አለና። ዕቃው ወዲያው ተነቅሎ፣ ቢጫና አረንጓዴው የመሬት ሽቦ በስፒናውም በሶኬቱም መያያዙና ቤቱ ራሱ የመሬት መስመር ያለው መሆኑ በባለሙያ መታየት አለበት።

ፍሪጅን በብዛት የሚጎዳው የመብራት መሄድና መምጣት ነው። መብራት እንደሄደ ነቅሎ፣ ከተመለሰ በኋላ ቢያንስ 5 ደቂቃ ጠብቆ መሰካት ኮምፕሬሰሩን (የፍሪጁን ሞተር) ያድነዋል። አልቀዘቅዝ ካለ ጋዝ አለቀ ከማለት በፊት የበሩን ጎማ መሞከር ይገባል፤ በሩ ወረቀት ይዞ ተዘግቶ ወረቀቱ ሲሳብ በቀላሉ ከወጣ ጎማው አርጅቷል። ከኋላ ያለው ቱቦ በአቧራ ከተሸፈነም ነቅሎ በደረቅ ብሩሽ መጥረግ ነው። ኮምፕሬሰሩ እምም ብሎ ቀጭ እያለ የሚቆም ከሆነ ግን ሞተሩን የሚያስነሣው ሪሌይ ወይም ቮልቱ ችግር ሊኖርበት ይችላል።

ካውያ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ገመዱ ከእጀታው በሚወጣበት፣ ዘወትር በሚተጣጠፍበት ቦታ ነው። የውኃ ማፍያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ሲይዝ አቼቶና ውኃ እኩል አድርጎ አፍልቶ ግማሽ ሰዓት ማቆየት ያጸዳዋል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ማፍያው በዚያ ላይ ቢጠፋ ጉድለት የለበትም። ቴሌቪዥን ድምፅ እያለው ምስሉ ሲጠፋ፣ በጨለማ ክፍል የእጅ ባትሪ ወደ ስክሪኑ ተጠግቶ ሲበራበት ምስሉ ደብዝዞ ከታየ የተበላሸው የኋላ መብራቱ ነው፤ ይህን ለጠጋኙ አስቀድሞ መንገር ሥራውን ያቀልለታል።

ማይክሮዌቭ ግን በቤት ውስጥ ፈጽሞ አይፈታም፤ ተነቅሎም ቢሆን ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ካፓሲተሩ ሰው የሚገድል ኃይል ይዞ ሊቆይ ይችላል።